ክር የታሰረበት ብልቃጥ፦ ሁሉም ሰው ሊለካው ስለሚችል መድኃኒት

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከመድኃኒት ማደያ መስኮት ኋላ ቆሜ ነው። ዛሬ የምናገረውን ያስተማሩኝ በዚያ መስኮት የመጡ አንዲት እናት ስለሆኑ ከእሳቸው ልጀምር።

እኚህ እናት የስኳር ሕመም ከያዛቸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኢንሱሊናቸውን በገዛ እጃቸው እየወጉ ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። አንድ ቀን የወሩን መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ሁለት ያለቁ ብልቃጦች ፈትተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። በአንደኛው ብልቃጥ አንገት ላይ ቀይ ክር ሦስት ጊዜ ዞሮ ታስሯል።

«እማማ፣ ይህ ክር ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ደፍራሹን እንድለይበት ነው ልጄ። ክር የሌለው የጠራው ነው። ዓይኔ እንቢ ካለኝ ወዲህ በጣቴ ነው የምለያቸው።»

«ልኩንስ ማን ይቀዳልዎታል?»

«የልጅ ልጄ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ምሳዬን አልበላም።»

አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የአያቷን ሕይወት በስሪንጅ እየለካች ነው። አያቲቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ተነጥቀው ሰዓት ይጠብቃሉ። በዚያ ቀን መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ክሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

እስቲ መሣሪያውን ቀረብ ብለን እንየው። በአገራችን በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት በብዛት የሚታደሉት የኢንሱሊን ዓይነቶች ኤንፒኤች፣ ሬጉላርና ሁለቱ ተደባልቀው የሚመጡት ናቸው። የኤንፒኤችና የሬጉላር ብልቃጦች አብዛኛውን ጊዜ በመጠንም በቅርጽም አንድ ናቸው። ዓይኑን ጨፍኖ የዳሰሳቸው ሰው ሊለያቸው አይችልም። ኤንፒኤች እንደ ወተት ደፈርስ ይላል፤ ሬጉላር እንደ ውኃ የጠራ ነው። አንደኛው በዝግታ ለብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ሌላው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስኳር ማውረድ ይጀምራል። ማታ ደፍራሹን ሊወጋ ሲል በስሕተት ያንኑ ያህል ከጠራው የወሰደ ሰው፣ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ በተኛበት ራሱን ሊስት ይችላል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ብቻ የተተወ የፈሳሽ መልክ ነው።

ወደ ስሪንጁ እንለፍ። አንድ ሚሊ ሊትር ኢንሱሊን 100 ዩኒት ይዟል። 100 ዩኒት በሚይዘው ስሪንጅ ላይ እያንዳንዱ ጭረት 2 ዩኒት ነው፤ በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንዲት የጤፍ ፍሬ ያህል ማለት ነው። የስሪንጁን መግፊያ በአንዲት ጤፍ ያሳለፈ ሰው በሁለት ዩኒት ተሳስቷል። አየር ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀውም በዓይን ነው፤ ብልቃጡ ሊያልቅ መቃረቡም እንዲሁ። ያላየ ሰው መድኃኒት የቀዳ መስሎት አየር ሊቀዳ ይችላል።

አሁን ደግሞ ሕመሙን አስቡት። የስኳር ሕመም ሲቆይ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎችን ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የእግርንና የእጅን ነርቭም ያደነዝዛል። እንግዲህ ሕመሙ ዓይንንና የጣትን ስሜት ይወስዳል፤ መድኃኒቱን የምንለካበት መሣሪያ ደግሞ የሚጠይቀው እነዚሁኑ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑ ሊደክም እንደሚችል ማንም ሐኪም አስቀድሞ ያውቃል። ይህ እየታወቀ ዓይን ብቻ የሚያነበው መለኪያ መሥራት የመሣሪያው ጉድለት ነው። እኛ ግን ጉድለቱን ወስደን በሰውየው ላይ እንለጥፈዋለን። «ማየት ስለማይችል ራሱን ማከም አይችልም» እንላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባድ የሚባል አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ናቸው፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ዕድሜ ከሰጠን ከእኛም ብዙዎቻችን እንጨመርበታለን። የምናገረው ስለ ጥቂት ሰዎች እንዳይመስላችሁ።

መሣሪያ ሰውን ሲረሳ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ተጭነው የሚያዞሩት፣ ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን አለ። በካናዳ ዊንዘር ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር አንሪ ብሮ፣ መድኃኒት ጠጥተው ተመርዘው የሚመጡ ሕፃናትን ማየት አንገፍግፏቸው በ1967 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ክዳን እንዲሠራ አደረጉ። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ መድኃኒቶች ሕፃናት በማይከፍቱት ማሸጊያ እንዲሸጡ ለማስገደድ የሚያስችል ሕግ አወጣች። ይህ ሥራ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ታዲያ ክዳኑን አዋቂዎች መክፈት መቻላቸው የሚፈተነው በማን ነበር? ደንቡ እንዲህ ይል ነበር፦ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 ዓመት የሆነ፣ የሚታይ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የሌለባቸው 100 ሰዎች። መድኃኒት በብዛት የሚወስዱት አዛውንቶችና ሕሙማን ከፈተናው ውጭ ነበሩ። በቁርጥማት ጣቶቻቸው የቆለመሙ አያቶች ክዳኑን መክፈት ሲያቅታቸው ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ ወይ አንዴ በሰው አስከፍተው ሳይዘጉት ይተዉታል፣ ወይ ኪኒኑን ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል። ያን ክፍት ዕቃ የሚያገኘው ደግሞ በጉልበቱ እየዳኸ የሚዞረው የልጅ ልጅ ነው። ለሕፃኑ ተብሎ የተሠራው ክዳን አያቱን ስለረሳ ሕፃኑንም ሳይጠብቀው ቀረ። ደንቡ ተሻሽሎ ፈተናው ከ50 እስከ 70 ዓመት በሆናቸው ሰዎች እንዲካሄድ የተወሰነው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከሃያ ዓመት በላይ መፍጀቱን ልብ በሉ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አንድን መሣሪያ ስንሠራ ያልፈተንበት ሰው፣ መሣሪያው ሲወጣ የሚጎዳው ሰው ይሆናል። ጉዳቱም በእሱ ላይ አይቆምም።

አሁን ወደ ኢንሱሊኑ ልመለስ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው በ1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ነው። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ አብዛኛው ሰው በብልቃጥና በስሪንጅ ሲለካ ኖረ። በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቮ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ የራሱን የመጀመሪያ የኢንሱሊን ፔን፣ ማለትም የብዕር ቅርጽ ያለው መውጊያ፣ አወጣ። ዛሬ በምናውቃቸው ፔኖች ላይ ጫፉን ሲያዞሩት በየዩኒቱ «ቀጭ» ይላል። ማየት ለተሳነው ሰው ይህ ድምፅ ትልቅ ተስፋ ነው፤ 12 ዩኒት የታዘዘለት ሰው 12 ጊዜ ቀጭ ሲል ቆጥሮ መውጋት ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን የብዙዎቹን ፔኖች መመሪያ ገልጣችሁ ብታነቡ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ታገኛላችሁ። አንደኛው «ድምፁን ቆጥራችሁ መጠን አትወስኑ» ይላል። ሁለተኛው ዓይነ ስውራንና የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ያለ ረዳት እንዳይጠቀሙበት ይመክራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ እጅግ አዘንኩ። ኋላ ግን ምክንያቱን ለመረዳት ሞከርኩ፤ ምክንያትም አለው። ብዙ ፔኖች ወደፊት ሲዞሩም ወደ ኋላ ሲመለሱም ቀጭ ይላሉ። በጫጫታ መካከል አንድ ድምፅ ቢያመልጥ የቆጠራው መነሻ ይጠፋል። የቀረው ኢንሱሊን ከታዘዘው ሲያንስ ፔኑ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሐሰት አይደለም። ችግሩ ድምፁ ትርጉም እንዲኖረው ተደርጎ አለመሠራቱ ነው።

ድምፁ ትርጉም ቢሰጠውስ? ወደፊት ሲዞር አንድ ዓይነት፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ሌላ ዓይነት ድምፅ ይሁን። በየአሥሩ ዩኒት ጠንከር ያለ፣ አውራ ጣት የሚሰማው ምት ይኑረው። ዜሮ ላይ ሲደርስ የማይታለፍ ማገጃ ይጠብቀው። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ሲገባ የመጨረሻ ምልክት ይስጥ፤ ይህን የመጨረሻውን አንዳንድ ፔኖች አሁንም ያደርጉታል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ኮምፒውተር አይጠይቅም። የሚጠይቀው መሣሪያው ገና በወረቀት ላይ ሲነደፍ አንድ ዓይነ ስውር የስኳር ሕመምተኛ ከነዳፊው አጠገብ መቀመጡን ነው።

እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ነገርም አለ። በአሜሪካ ካውንት-ኤ-ዶዝ የሚባል ቀላል የፕላስቲክ መሣሪያ ለዓይነ ስውራን የስኳር ሕሙማን ሲሸጥ ቆይቷል። ስሪንጁ በላዩ ይጋደማል፤ ብልቃጦቹ በቦታቸው ይሰካሉ፤ ተጠቃሚው በአውራ ጣቱ ሲያዞረው በየዩኒቱ ቀጭ ይላል፤ ጣትም ይሰማዋል። ባትሪ አይፈልግም። ድክመቱ የሚሠራው ለእሱ ከተመረጠው አንድ ዓይነት ስሪንጅ ጋር ብቻ መሆኑ ነው። ያ ስሪንጅ ከገበያ ከጠፋ መሣሪያውም ዋጋ የለውም። ተደራሽነት ከዋናው ዕቃ ውጭ በሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው፤ ዋናው በተለወጠ ቁጥር ይወድቃል።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች እንዳሉት አስተዋልኩ። ይህ መድኃኒት የእኔ ነው? ልኩ ስንት ነው? ወደ ሰውነቴ በትክክል ገብቷል? ጥሩ መለኪያ የምለው ሦስቱንም የሚመልሰውን ነው፤ ያውም ቢያንስ በሁለት መንገድ። ማለትም በዓይንና በጣት፣ ወይም በጣትና በጆሮ። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመድኃኒት ስም በካርቶኑ ላይ በብሬል እንዲጻፍ አስገድዷል። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ስሙ በብሬል ይጻፍ እንጂ የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ ግዴታ አልተደረገም። በጎልማሳነት ዓይናቸውን ያጡ ብዙ ሰዎችም ብሬል አልተማሩም፤ ጣታቸው የደነዘዘ ደግሞ ቢማሩም ነጥቦቹ ላይሰሟቸው ይችላሉ። በአሜሪካ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሕግ ተከትሎ በቀጣዩ ዓመት ለፋርማሲዎች ምክር ተዘጋጅቷል፤ መለያውን በብሬል፣ በትልልቅ ፊደል ወይም በሚናገር መሣሪያ መስጠት እንደሚቻል ያስረዳል። ዴቦራ አድለር የተባለች ነዳፊ ደግሞ አያቷ የባላቸውን መድኃኒት በስሕተት በመውሰዳቸው ተነሳስታ የመድኃኒት ጠርሙሱን ቅርጽና መለያ እንደ አዲስ ነደፈች። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተለየ ቀለም ያለው ቀለበት በጠርሙሱ አንገት ላይ እንዲሆን አደረገች። ጠርሙሱ በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአንድ ትልቅ የሱቅ ድርጅት ፋርማሲዎች ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ቀዩ ክር ነው። የእኛዋ እናት ያንኑ ሐሳብ ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ ገንዘብ፣ በፈትል ሠርተውት ነበር፤ ያውም በጣት የሚነበብ አድርገው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የምንኮራበት ነገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በወንዞች ዳር ዓይን የሚያጠፋውን የኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ ለመከላከል አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት በየመንደሩ ይታደላል። ልኩ የሚታወቀው በሚዛን አይደለም። ምልክት የተደረገበት ዘንግ አለ፤ ሰውየው ዘንጉ አጠገብ ይቆማል። ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ከ120 በታች ከሆነ አንድ ፍሬ፣ እስከ 140 ሁለት፣ እስከ 158 ሦስት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አራት ፍሬ ይሰጠዋል። የአማራ ክልልን በእጅጉ ለሚያጠቃው ትራኮማም አዚትሮማይሲን ሲታደል የሚለካው በቁመት ነው። ሚዛን የለም፣ ስሌት የለም፣ ባትሪ የለም። ብዙ ያልተማረ የመንደር ሰው እንኳ ሳይሳሳት ያድልበታል። ከዚህ የበለጠ ብልህ መለኪያ ብዙም አላየሁም።

ግን ዘንጉን ደግማችሁ እዩት። መቆም የማይችለውን ሰው በምን ይለካዋል? በፖሊዮ እግሩ የታጠፈውን፣ ጀርባው የጎበጠውን፣ አልጋ ላይ የዋለውን? ቀጥ ብሎ መተኛት የሚችል ከሆነ ዘንጉን አጠገቡ ማጋደም ይቻላል። ሰውነቱ ለታጠፈው ግን የጤና ባለሙያ የሚወስንበት ሌላ መንገድ አስቀድሞ መመሪያው ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አዳዩ ግራ ተጋብቶ ያልፈዋል፤ ያ ሰው ዓይን ከሚያጠፋው በሽታ ሳይጠበቅ ይቀራል። በአካል ጉዳት ላይ ሌላ አካል ጉዳት ማለት ነው።

ሁላችንም ነገ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። ውድ መሣሪያ እስኪገባ መጠበቅ የለብንም።

እኛ ፋርማሲስቶች በፓኬቱ ላይ «1×2» ብለን ጽፈን በመስኮቱ ቀዳዳ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» እንላለን። መስማት ለተሳነው ሰው ይህ ቃል አልተነገረም፤ ላላየው ደግሞ አልተጻፈም። ፀሐይና ጨረቃ ለመሳል ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የጠዋቱ ፓኬት ላይ አንድ ላስቲክ፣ የማታው ላይ ሁለት ላስቲክ ማሰር ምንም ያህል ወጪ የለውም።

ለልጆች የሚሰጠውን ሽሮፕ አስቡ። «አንድ ማንኪያ» ስንል 5 ሚሊ ሊትር ማለታችን ነው፤ የየቤቱ ማንኪያ ግን ልኩ ይለያያል። በአፍ የሚሰጥበትን ስሪንጅ ከሰጠን በኋላ፣ ፋርማሲስቱ በመግፊያው ላይ በትክክለኛው ልክ አንዲት ጎድጎድ ያለች ጭረት ቢያወጣበት ዓይነ ስውር እናት በጥፍሯ ታገኘዋለች። ልጇን ራሷ ታክማለች። ልኩ ሲለወጥ ስሪንጁም መለወጥ አለበት፤ ይህ እንዳይረሳ።

ኢንሱሊን ለሚወስድና ብልቃጡ ሲያልቅ ለማያይ ሰው ደግሞ ስሌቱን እኛ እንሥራለት። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይዟል። በቀን 40 ዩኒት የሚወስድ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል። ሦስት ቀን ለመጠባበቂያ ትተን 22 የባቄላ ፍሬ በአንድ ጣሳ ቆጥረን ብንሰጠውና በየቀኑ አንዷን ቢያወጣ፣ ጣሳው ባዶ ሲሆን አዲስ ብልቃጥ መክፈት እንዳለበት ያውቃል። አየር መቅዳት ቀረ ማለት ነው።

መድኃኒት ለሚገዙ፣ ለሚያስገቡና ለሚቆጣጠሩ ደግሞ የምለው አለኝ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ፊርማው በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ይህን መሣሪያ የማያይ ሰው፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በራሱ ሊጠቀምበት ይችላል? አቅራቢ ሁሉ ይህን መመለስ ግድ ሲሆንበት አምራቹም ማሰብ ይጀምራል። የምሕንድስና ትምህርት ቤቶችም ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲፈልጉ ወደ ዓይነ ስውራን ማኅበራት ይሂዱ። እዚያ ለዓመታት በክር፣ በላስቲክ፣ በሰም ምልክት ሲለኩ የኖሩ ሰዎችን ያገኛሉ። ከእነሱ የተሻለ አማካሪ የለም።

በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ ለሕሙማን ልጆች የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ዓይናቸው ደክሞ፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ መድኃኒት መለካት ሲያቅታቸው ስሪንጁን ከእጃቸው ለመንጠቅ አትቸኩሉ። ይዛችኋቸው ወደ ፋርማሲው ኑ። ብልቃጡን፣ ስሪንጁን፣ ፓኬቱን በእጃቸው እንዲይዙት አድርጉና «የት ላይ ነው ያቃትዎት?» ብላችሁ ጠይቁልን። የሚነግሩንን ሰምተን መፍትሔ መፈለግ የእኛ ግዴታ ነው። ያን ቀን እኔ እማማን ይህን አልጠየቅኋቸውም ነበር። እናንተ ጠይቁ።